ወይን ጠጁ ካባና ሁለቱ ስክሪኖች

የሙሽራዋ እናት አልበሙን በአንድ እጃቸው፣ ፌስታል በሌላው ይዘው ገቡ። የሠርግ ፎቶ የምሠራባት ክፍል ሐዋሳ ውስጥ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ከቤታችን ብዙም ሳትርቅ፣ መንገድ ዳር የተከራየኋት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። አልበሙን ጠረጴዛው ላይ ገለጡና ልጃቸው በመልሷ ቀን ካባ ለብሳ በቆመችበት ፎቶ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይኼ የማን ካባ ነው?»

«የሙሽራዋ ነው እንጂ እትዬ።»

ከፌስታሉ ውስጥ ካባውን ራሱን አወጡና ከፎቶው አጠገብ ዘረጉት። ወይን ጠጅ ከፋይ ነው፤ ጠርዙ በወርቅማ ክር ተጠልፏል። ፎቶው ላይ ያለው ግን የተቀቀለ ጉበት ይመስላል።

«መርካቶ ድረስ ሄጄ ነው ጨርቁን የመረጥኩት» አሉ። አልተቆጡም፤ ከቁጣ ይልቅ ግራ መጋባት ነበር ፊታቸው ላይ ያለው። «አልበሙን ያየ ሁሉ ልጇን ቡናማ አለበሰቻት እያለ ነው።»

ጥፋቱ አልበሙን አዲስ አበባ የሚያትምልኝ ቤት ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ይህንኑ ላሳያቸው ላፕቶፔን ከፈትኩና ፎቶውን አወጣሁት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳየው ካባው ወይን ጠጅ ነው። «ይኸው፣ እኔ ጋ ትክክል ነው» አልኩ።

እሳቸው ከቆሙበት ጎንበስ ብለው አዩ። «እዚህም ቡናማ ነው እኮ!»

ተነስቼ አጠገባቸው ቆምኩ። እውነታቸውን ነው። ከላይ ሲታይ ካባው ፈዞ ሌላ ቀለም ሆኗል። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ወይን ጠጅ። የላፕቶፑን ክዳን ወደ ኋላ ገፋ አደረግሁት፤ ካባው ጠቆረ፣ የወርቁ ጥልፍም ጠፋ። ወደ ፊት መለስኩት፤ ነጣ። እኔና የሙሽራዋ እናት ቁጭ ብድግ እያልን፣ ክዳኑን እየገፋንና እየሳብን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ እሳቸው እየሳቁ «ታዲያ የቱ ነው እውነተኛው?» አሉኝ።

ካባውን እንዲተዉልኝና አልበሙን እንደገና እንደማሳትምላቸው ነግሬ ሸኘኋቸው። ጥያቄያቸው ግን እኔ ጋ ቀረ። ያንን ሁሉ ሠርግ፣ የስንቱን ሰው ፊትና ልብስ፣ ክዳኑ ሲነካ ቀለም በሚለውጥ ስክሪን ላይ ነበር ያረምኩት።

በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት የምጠቀመው በስልኬ ነበር፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት እናቴ ሽንኩርቷን ከትፋ ትጨርሳለች። ቢሆንም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ለካ ስክሪን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የኔ ዓይነቱ ርካሽና ፈጣን ነው፤ እውነቱን የሚናገረው ግን ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ከጎንም ከላይም ቢታይ ቀለሙን የማይለቅ። በቅርቡም ፎር ኬ የሚሉት መጥቷል፤ ከለመድነው ጥሩ ስክሪን በአራት እጥፍ የበዙ ነጥቦች የታጨቁበት፣ ነጥቦቹ ከመድቀቃቸው የተነሳ ዓይን ለይቶ የማያያቸው። እኔ ያንን ፈለግሁ።

ታናሽ ወንድሜ የፈለገው ግን ሌላ ነበር። እዚያው ሐዋሳ ምህንድስና ይማራል፤ ከትምህርት የተረፈውን ጊዜ በጓደኞቹ ኮምፒውተር ጌም ሲጫወት ያሳልፋል። ለሱ ጥሩ ስክሪን ማለት ሥዕሉን ቶሎ ቶሎ የሚያድስ ነው፤ ጠላት ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ሲል ዝንፍ ሳይል የሚያሳይ። «ነጥብ ቢበዛ ምን ይጠቅማል? ማሽኑ ነው የሚደክመው» ይለኛል። «ፎቶ አይሮጥ፤ ምን አስቸኮለሽ?»

«ቀለም ሳይኖር ፍጥነት ለምኔ ነው?» እላለሁ እኔ።

አባታችን መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ በዚያ ዓመት ብክነት ስለማስወገድ የሚያስተምረውን የካይዘን ሥልጠና ወስዶ ስለነበር ቤት ውስጥ ብክነት የማይለው ነገር አልነበረም። የተከፈተ ቧንቧ ብክነት፣ በቀን የበራ አምፖል ብክነት። ላፕቶፕ ሊገዛልን ቃል ገብቶ ስለነበር ክርክራችንን እራት ላይ በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ እጁን ታጠበና ፈረደ።

«ለአንድ ቤት ሁለት ላፕቶፕ ብክነት ነው። አንድ ነው የምገዛው። ተስማምታችሁ ኑ። ካልተስማማችሁ ብሩ ለጣራው ይውላል።»

ቅዳሜ ከሰዓት ካባውን በፌስታሉ ይዤ ከወንድሜ ጋር በባጃጅ ወደ ፒያሳ ወረድን። እዚያ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ የሲዳማ ሰው ነው፣ ሰፊ ትከሻና ለስላሳ ድምፅ ያለው። ከዱባይ ሁለት ውድ ላፕቶፖች አስመጥቶ መስታወት ውስጥ ደርድሯቸዋል። አንደኛው ፎር ኬ፣ ፊቱ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ፤ ሁለተኛው ለጌም የተሠራ፣ ነጥቡ ያነሰ፣ ፊቱ የማያብረቀርቅ፣ ግን ፈጣን። የመጣንበትን ስንነግረው ደስ አለው።

«አውጧቸው፣ አወዳድሯቸው» አለ። «እኔም ልዩነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ሁለቱም ጥሩ ነው፣ ሁለቱም ጥሩ ነው እያልኩ ሰልችቶኛል።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን የካባውን ፎቶ ከፍላሽ ላይ በሁለቱም ከፈትኩ። ፎር ኬው ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳም። የጥልፉ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አንዷ ክር ተመዝዛ ወጥታ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ካባውን ከፌስታሉ አውጥቼ ሳየው፣ እውነትም የተመዘዘች ክር አለች። የራሴን ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ መሰለኝ። የሱቁ ባለቤት አንገቱን አስገብቶ ከላይ የተጻፉትን ፊደላት ለማንበብ ሞከረ፤ ነጥቡ በመብዛቱ ጽሑፉ ሁሉ ደቆ ነበር።

«ይኼ ለጉንዳን ነው እንዴ የተሠራው?» አለ።

ጽሑፉን እንዴት እንደሚያተልቁት ወንድሜ አሳየውና ወደ ራሱ ጉዳይ ገባ። ጌሙን በሁለቱም ላይ ጭኖ መጀመሪያ በፎር ኬው ተጫወተ። ሣሩ አንድ በአንድ ይታያል፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ሽበት ሳይቀር ይለያል። ሰውየው እንዲሮጥ ሲያዘው ግን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ እየሆነ ይዘላል፤ ማሽኑም ከሥሩ እንደ ፋብሪካ መጮህ ጀመረ። ወደ ሁለተኛው ዞረ። እዚያ ሥዕሉ እንደ ውኃ ይፈስሳል።

«አየሽ?» አለኝ። ፊቱ በርቷል። «አየሽ ልዩነቱን?»

አይቻለሁ። ያየሁት ሌላም ነገር ነበር። ሣሩ ውስጥ ተደብቀው የሚተኩሱበት ጠላቶች ራሳቸው ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት አለች። ጌም ተጫውቼ የማላውቀው እኔ ምልክቷን ከሩቅ አያታለሁ፤ እሱ ግን አጠገባቸው እስኪደርስ አያያቸውም፣ ይመቱታል። «እዚያ ጋ!» ስለው «የት?» ይላል። በፍጥነቱ ተደስቶ ስለነበር ነገሬ አላለውም። እኔም አላልኩትም።

«እሺ፣ አሁን የኔን እይ» አልኩትና የካባውን ፎቶ በሁለቱም ላይ መለስኩ። ትክክለኛውን ካባ መሃላቸው ያዝኩት። ፎር ኬው ላይ ያለው ከጨርቁ ጋር ወንድማማች ነው። ፈጣኑ ላይ ያለው ወደ ቡናማ አዘንብሏል። «የቱ ነው ካባውን የሚመስለው?»

አየ። ጠጋ ብሎ አየ። «ሁለቱም።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም፤ አንድ ናቸው። ይኼኛው ትንሽ ይደምቃል እንጂ አንድ ናቸው።»

«ይኼ ቡናማ ነው፣ ያ ወይን ጠጅ ነው! ጌሙን ስለፈለግህ ብቻ እንዴት ዓይኔ እያየ ትዋሻለህ?»

«ማን ዋሸ? አንቺ ነሽ የሌለ ልዩነት የምትፈጥሪው!»

ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር፤ ከመንገድ ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። የሱቁ ባለቤት በመካከላችን ገባ። ከመደርደሪያው የሞባይል ሽፋኖች አነሳና ባንኮኒው ላይ በተነ፤ ጥቁር ቀይ፣ ቡናማ፣ ድፍን አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። የሚያስታርቀን መስሎኝ ነበር፤ በኋላ እንደነገረኝ እሱም ያሰበው እንደዚያ ነበር።

«ወንድሜ፣ ክርክሩን እንተወውና ቀዩን ስጠኝ» አለው።

ወንድሜ አንዱን አንስቶ ሰጠው። አረንጓዴው ነበር።

ባለቤቱ ሽፋኑን እጁ ላይ ይዞ እኔን አየኝ። ወንድሜ ከኔ ፊት ወደሱ ፊት፣ ከሱ ፊት ወደ ሽፋኑ ተመለከተ፤ ከዚያ ሳቀ። ሁለታችንም እንዳልሳቅን ሲያይ ሳቁ ቆመ።

«ይኼ ቀይ አይደለም?»

«አይደለም» አልኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በሹክሹክታ ነበር ያልኩት።

ሰማያዊና ቢጫውን ሳይሳሳት ለየ። ቀዩን፣ ቡናማውንና አረንጓዴውን ግን ደጋግሞ አቀያየራቸው፤ ሲያገኝም በግምት ነበር። ለካ ሁለቱ ስክሪኖች እውነትም ለሱ አንድ ነበሩ። አልዋሸኝም። ከተወለደ ጀምሮ አብሬው ኖሬ፣ አብሬው ቴሌቪዥን አይቼ፣ በልብስ ተጣልቼ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እሱም አያውቅም ነበር።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። መንገድ ላይ አልፎ አልፎ እየቆመ እየጠቆመ ይጠይቀኝ ነበር። «ያ በር?» «አረንጓዴ።» «የሴትየዋ ሹራብ?» «ቀይ።» «እርግጠኛ ነሽ?» መጀመሪያ አዝኖ ነበር፤ ታቦር ስንደርስ ግን መርማሪ ፖሊስ ሆኗል።

እናታችን ስንነግራት የያዘችውን ሣህን አስቀመጠች። ከዚያ ስለ አባቷ አወራች። አያታችንን አላወቅናቸውም፤ ጠንካራና ጠንቃቃ ሰው እንደነበሩ ግን ስትናገር ሰምተናል። «በርበሬ ግዛ ተብሎ ሲላክ፣ ያልቀላውን ከቀላው ቀላቅሎ ይመጣ ነበር» አለች። «እናቴ ትስቅበታለች። ለሌላው ነገር እንዲያ የሚጠነቀቅ ሰው ለበርበሬ ምን ነካው ትል ነበር። ሁልጊዜ ነው እንዲያ የሚያደርገው።»

ያኔ ወንድሜም የራሱን ተናገረ። ሦስተኛ ክፍል ሳለ ሰንደቅ ዓላማ ሳሉ ተብለው ነበር። እሱ ቀዩን ላይ፣ አረንጓዴውን ታች አድርጎ ቀባ፤ ቢጫውን ብቻ በቦታው አኖረ። መምህሩ ሆን ብሎ ያላገጠ መስሏቸው ከክፍል አስወጡት፤ አባታችንም ተጠርቶ ሄዶ፣ ማታ ቤት በቀበቶ ቀጣው። «ከዚያ በኋላ ከለር ስንጠቀም እርሳሱ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው የምቀባው» አለ። «ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።»

አባታችን ይህን ሁሉ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሰማ። ስለ ቀበቶው ምንም አልተናገረም። ሰኞ ግን ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስዶ፣ ወንድሜን ራሱ ይዞት ዓይን ክሊኒክ ሄደ፤ እናታችንና እኔም ተከተልን። ሐኪሟ በቀለም ነጠብጣብ የተሞላ መጽሐፍ ገለጠችለት። እኔ ከኋላ ሆኜ በየገጹ ቁጥር ይታየኛል፤ እሱ ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚያየው። አባታችን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቁጥሮቹን በሆዱ ያነብብ ነበር፤ ልጁ ዝም ባለ ቁጥር እሱም ወደ መሬት ይመለከታል።

«በሽታ አይደለም፣ አይብስበትም» አለች ሐኪሟ። «ከተወለደ ጀምሮ ያለ ነው። ወንዶች ልጆች ከእናታቸው በኩል ነው የሚወርሱት።»

«ከኔ?» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ እያደረገች። «እኔ እኮ በርበሬ እለያለሁ!»

ሐኪሟ ስቃ፣ እናት ራሷ ሳይታይባት ከአባቷ ተቀብላ ለልጇ ልታስተላልፍ እንደምትችል አስረዳቻት። እናቴ ስንወጣ፣ «አባቴን በከንቱ ሳቅንበት» አለች። አባታችን ደግሞ ባጃጁ ጋ ስንደርስ የወንድሜን ትከሻ ያዝ አደረገና ፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ አስቀመጠው። ሁልጊዜ የራሱ የሆነውን ቦታ ነበር የሰጠው።

ከዚህ በኋላ የላፕቶፑ ክርክር ተገለበጠ። እሱ «ያንቺን ግዢ፣ እኔ ለቀለም ምን አገባኝ» ይላል፤ እኔ «አይሆንም፣ ፈጣኑ ይሁን» እላለሁ። አባታችን «አሁን ደግሞ በመስማማት ልትጣሉ ነው?» አለና ወደ ሱቁ መልሶ ላከን።

ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ጣመኝ። በዚህኛው ወንድሜ ለመርታት ሳይሆን ለማወቅ ነበር የመጣው። ባለቤቱም ሲያየን ወንበር አቀረበልን። ወንድሜ ከአንድ የሠርግ አዳራሽ ያነሳሁትን ጨለማ ፎቶ በሁለቱም ላይ አስከፈተኝና ከኋላ ጥግ ላይ አመለከተ። «ፎር ኬው ላይ እዚህ ጋ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ይኼኛው ላይ ግን ጥቁር ጭቃ ነው» አለ። እኔ ቀለም ቀለሙን ሳይ ጥላውን አላስተዋልኩም ነበር። ፎር ኬው እንደ መስተዋት ማብረቁም ያስከፋው እሱን ነው፤ «ጠላት ስፈልግ የራሴን አፍንጫ ነው የማየው» ብሎ ከበሩ ብርሃን አዞረው።

ከዚያ የጌሙን ማስተካከያ ሲያገላብጥ፣ ሁሌ ሳያነብ የሚያልፈው አንድ መስመር ላይ ቆመ። ቀለም ለማይለዩ ሰዎች የሚል አማራጭ ነበር። ጫነው። ጠላቶቹ ራስ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ሰማያዊ ሆነች። ወንድሜ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

«እነዚህ ሁሉ እዚህ ነበሩ?» አለ። ሣሩ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ተደብቋል። «ጓደኞቼ እውሩ የሚሉኝ ለዚህ ነው?»

ወደ ፎር ኬው ወስዶ እዚያም ሞከረው፤ የነጥቡን ቁጥር ዝቅ ሲያደርገው አራቱ ነጥብ እንደ አንድ ሆነው መሥራት ጀመሩ፣ ማሽኑም ጩኸቱን ቀነሰ። እንደ ፈጣኑ አይፈስስም። ግን አይዘልልም። ትንሽ ተጫወተና ክዳኑን በቀስታ ዘጋው።

«ይኼ ይሁን» አለ። «ፍጥነቱ ይቅርብኝ። መጀመሪያ ያለውን ነገር ሁሉ ልይ።»

ፎር ኬውን ገዛን። የሱቁ ባለቤት ለሌላ ደንበኛ የሚናገረው አሁን እንዳገኘ ነገረን፤ ከመሸጡ በፊት ግን የደንበኛውን ዓይን በሞባይል ሽፋን እንደሚፈትን በሳቅ ጨመረ። ካባውን መስኮት አጠገብ ሰቅዬ፣ ስክሪኑን ከጎኑ አድርጌ፣ ፎቶዎቹን እንደገና አረምኩ። አዲሱ አልበም ሲመጣ እንደ ስክሪኑ የደመቀ አልነበረም፤ ወረቀት ከውስጡ እንደማይበራ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ግን ወይን ጠጅ ነበር። የሙሽራዋ እናት አልበሙን ወዲያ ወዲህ አዘንብለው፣ ቆመውም ተቀምጠውም አዩትና «አሁን የልጄ ነው» ብለው ካባቸውን ይዘው ሄዱ።

ወንድሜ ለጥቂት ሳምንታት ጌሙ ተንቀራፈፈብኝ እያለ አማረረ፤ ከዚያ ለመደው። ላፕቶፑን እየተቀያየርን ተጠቀምንበት፤ ጠዋት የኔ፣ ከሰዓት የሱ። አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ጠራኝ። ማንኛውንም ፎቶ እሱ በሚያየው ዓይነት ቀይሮ የሚያሳይ ፕሮግራም አግኝቷል። ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ሲፈልግ ቆይቶ፣ ወደ ሐይቅ ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የድሬዳዋ ዛፍ መርጧል። አበባው በቀይ ሲያለብሰው ሰው ቆሞ የሚያየው ዛፍ ነው። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«አንዱ ተቀይሯል። የቱ ነው?»

ግራው ላይ ዛፉ በቀይ ነድዷል። ቀኙ ላይ አበባውም ቅጠሉም የደረቀ ሰናፍጭ የመሰለ አንድ ቀለም ነው፤ አበባ መኖሩን ለማወቅ መፈለግ ያስፈልጋል። «ቀኙ ነዋ። አይታይህም?»

«አይታየኝም። ለኔ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለዚህ ነው የጠራሁሽ። ፕሮግራሙ ይሥራ አይሥራ እኔ በምን አውቃለሁ?» ወንበሩን ለቀቀልኝና አጠገቤ ቆመ። «ሰዎች እዚህ ዛፍ ሥር ቆመው ፎቶ ሲነሱ ምን እያዩ እንደሆነ አይገባኝም ነበር። እስቲ ንገሪኝ፣ ግራው ምን ይመስላል?»

እሳት ልል ነበር፤ እሳት ለሱ ቢጫ እንደሆነ አስታወስኩ። ደም ልል ነበር፤ እሱም አያስኬድም። «አበባውና ቅጠሉ ይጣላሉ» አልኩ በመጨረሻ። «አንዱ ሌላውን ገፍቶ ወደ አንተ ይመጣል።»

«ለኔ ደግሞ ተስማምተው ነው የሚኖሩት» አለ፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ እያለ። «እሺ፣ ይኼ ገባኝ። ሌላ ፎቶ ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ አንድ በአንድ አየናቸው።